አንድ ስም፣ ሁለት ካርድ፦ በጠባብ በጀት ግራፊክስ ካርድ ስትገዙ

«አርቲኤክስ 3050፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር።» የቴሌግራም የኮምፒውተር ገበያዎችን የሚከታተል ሰው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሳያይ አይውልም። ፎቶው ያምራል። ሁለት ፋን፣ ጥቁር ሽፋን፣ ከኋላው ካርቶኑ። አርቲኤክስ 3050 ኤንቪዲያ የሚባለው ድርጅት ግራፊክስ ካርድ ነው፤ የጌሙን ምስል የሚሠራው የኮምፒውተር ክፍል። ችግሩ አርቲኤክስ 3050 ሲባል አንድ ካርድ አለመሆኑ ነው። ቢያንስ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው በጃንዋሪ 2022 የወጣው ባለ 8 ጊጋባይቱ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ይሄ ገበያ የሚሄደው በነሱ ካላንደር ነው።) 2,560 ኮር (ምስሉን የሚያሰላው ትንሽ ክፍል) አለው፣ እስከ 130 ዋት ይበላል፣ ከፓወር ሰፕላይ የራሱ ገመድ ይፈልጋል። ሁለተኛው በፌብሩዋሪ 2024 የመጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ ነው። ኮሩ ወደ 2,304 ወርዷል። የሜሞሪው መንገድ ከ128 ቢት ወደ 96 ቢት ጠብቧል። የሚበላው 70 ዋት ብቻ ነው። ጌም ሲከፈት ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ስማቸው ግን ያው አርቲኤክስ 3050 ነው። የሚገርመው፣ ለአንዳንድ ሰው ደካማው የተሻለ ግዢ ነው። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በርካሽ ካርዶች ገበያ ሰው በብዛት የሚሸወደው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስሙን ያውቃል። ዩቲዩብ ላይ በዚያ ስም የተሠራ ቪዲዮ አይቷል። ከስሙ ኋላ ስንት ጊጋባይት እንዳለ፣ ስንት ዋት እንደሚበላ፣ በስንት መስመር ከማዘርቦርዱ ጋር እንደሚነጋገር ግን አይጠይቅም። ሻጩም ካልተጠየቀ አይናገርም።

ልማዱ አዲስ አይደለም። በ2016 የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060 በባለ 6 እና በባለ 3 ጊጋባይት ሲወጣ ብዙ ሰው ልዩነቱ የሜሞሪ ብቻ መስሎት ነበር። ባለ 3ቱ ግን ኮሩም ተቀንሶ ከ1,280 ወደ 1,152 ወርዶ ነበር። በ2018 ደግሞ ጂቲ 1030 የምትባለው ትንሿ ካርድ በሌላ ሜሞሪ ዳግም መጣች። የበፊቷ በሰከንድ 48 ጊጋባይት ታስተላልፍ ነበር፤ አዲሷ 17 ገደማ። ሲሶው ማለት ነው፣ ያውም በዚያው ስም። የኤንቪዲያ ተፎካካሪ ኤኤምዲም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። አርኤክስ 580 በቻይና ገበያ «2048ኤስፒ» የምትል ጭራ ተቀጥላለት ሲሸጥ ኮሩ ከሱ በታች የሆነውን የአርኤክስ 570ን ያህል ነበር። ያገለገለው ካርድ እጅ በእጅ ሲዞር ያቺ ጭራ መንገድ ላይ ትቀራለች። እኛ ጋ ሲደርስ «አርኤክስ 580» ብቻ ነው።

በ2022 ኤንቪዲያ ይሄንኑ ነገር ውድ ካርድ ላይ ሞከረው። አርቲኤክስ 4080ን በባለ 16 እና በባለ 12 ጊጋባይት አስተዋወቀ፤ ባለ 12ቱ ውስጡ ሌላ ካርድ ነበር፣ ዋጋው ደግሞ 899 ዶላር። ጩኸቱ በረታበትና በኦክቶበር ካርዱን ሳይሸጥ ሰረዘው። በኋላ ስሙን ቀይሮ አርቲኤክስ 4070 ቲአይ አድርጎ አወጣው። 899 ዶላር የሚከፍል ሰው ሲጮህ ተሰማ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አርቲኤክስ 3060 ከ12 ጊጋባይት ወደ 8 ወርዶ፣ የሜሞሪ ፍጥነቱም ከ360 ወደ 240 ጊጋባይት በሰከንድ ተቆርጦ በዚያው ስም ሲወጣ ግን ያን ያህል የጮኸ አልነበረም። በርካሹ መደርደሪያ የሚገዛ ሰው ጩኸት ሩቅ አይሰማም።

8 ጊጋባይት ይበቃል ወይ?

በ2025 የወጡት ካርዶች ክርክሩን ወደ አንድ ቁጥር አጠበቡት። አርቲኤክስ 5060 ቲአይ በኤፕሪል ሲወጣ ባለ 8 ጊጋባይቱ 379 ዶላር፣ ባለ 16ቱ 429 ዶላር ተባለ። በጁን የመጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ደግሞ ባለ 8ቱ 299፣ ባለ 16ቱ 349። እነዚህ ላይ ኮር አልተነካም፤ የሚለያዩት በሜሞሪ ነው። በሁለቱም በኩል ልዩነቱ 50 ዶላር ነበር። ኤንቪዲያ ባለ 8ቱን 5060 ቲአይ ለገምጋሚዎች አልላከም። በሜይ አርቲኤክስ 5060 ሲወጣም ለአብዛኞቹ ገለልተኛ ገምጋሚዎች ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ከመሸጫው ቀን በፊት አልሰጠም። የሚተማመንበትን ዕቃ ሰው እንዲህ አይደብቅም።

ቪራም ማለት ካርዱ ላይ ያለው የራሱ ሜሞሪ ነው። ጌሙ የሚያሳየው ግድግዳ፣ ልብስ፣ ፊት፣ ሣር ሁሉ እዚያ ተቀምጦ መገኘት አለበት። ሽንኩርቱም በርበሬውም ጓዳ ካለ ወጡ በጊዜው ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ነገር ልጅ ሱቅ የሚላክ ከሆነ ግን ምድጃው የቱንም ያህል ቢነድ እንግዳው ይጠብቃል። የሱቁን ርቀት በቁጥር እንየው። የአርቲኤክስ 5060 ቪራም በሰከንድ 448 ጊጋባይት ያቀብላል። ቪራሙ ሞልቶ የተረፈውን ከኮምፒውተሩ ራም ማምጣት ሲጀምር ግን መንገዱ ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው። ካርዱ ከዚያ መንገድ የሚጠቀመው 8 መስመር ብቻ ነው። ማዘርቦርዱ የቆየ ጄን 3 (የዚህ መንገድ 3ኛ ትውልድ) ከሆነ በነዚያ 8 መስመሮች በሰከንድ 8 ጊጋባይት ገደማ ያልፋል። ከ448 ወደ 8።

ይሄ ስክሪን ላይ ምን ይመስላል? አንዳንዱ ጌም ይንገጫገጫል። ለጥቂት ሰከንድ ጥሩ ይሄዳል፣ ዞር ስትሉ ይቆማል፣ እንደገና ይሄዳል። አማካይ ፍሬሙን (በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት) ብታዩ 70 ሊል ይችላል፤ ለዓይን ግን አይመችም። ስለዚህ ግምገማ ስታዩ አማካዩን ትታችሁ «1 ፐርሰንት ሎው» የሚለውን፣ ጌሙ በጣም ሲዘገይ የሚያሳየውን መስመር ተመልከቱ። ሌላው ጌም ደግሞ አይንገጫገጭም። ዝም ብሎ የምስሉን ጥራት ይቀንሳል። ግድግዳው ይደበዝዛል፣ ቅርብ ስትሄዱም አይጠራም። ሴቲንጉ «አልትራ» (ከፍተኛው ጥራት) ይላል፤ የምታዩት ግን አልትራ አይደለም።

የኤኤምዲው ፍራንክ አዞር በሜይ 2025 አብዛኛው ተጫዋች አሁንም በ1080ፒ የስክሪን ጥራት ስለሚጫወት ከ8 ጊጋባይት በላይ አያስፈልገውም ብሎ ጽፎ ውርጅብኝ ወረደበት። ግማሹን እውነት ነው የተናገረው። ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ወርሃዊ ቆጠራ ከግማሽ በላይ ተጫዋች 1080ፒ ላይ ነው። ኳስ ጌም፣ ካውንተር ስትራይክ 2፣ ቫሎራንት፣ ጂቲኤ 5 ለሚጫወት ሰው 8 ጊጋባይት ይተርፈዋል። ለነዚህ ብቻ ከሆነ 4 ጊጋባይትም ያስኬዳል።

እኔ የማልስማማው በዘመኑ ርዝመት ነው። አሜሪካ ያለ ልጅ በሁለት ዓመቱ ካርዱን ሸጦ ሌላ ይገዛል። እኛ ጋ ካርድ አንዴ ከተገዛ አምስት ስድስት ዓመት ይኖራል፣ ከዚያ ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል። እንዲህ ላለ ቤት ዛሬ አዲስ ካርድ በሙሉ ዋጋ ሲገዛ 8 ጊጋባይት አጭር ነው። ያገለገለ በግማሽ ዋጋ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ 8 ጊጋባይት አሪፍ ነው። ክርክሩ የሚምታታው ሰዎች «8 ጊጋባይት መጥፎ ነው» ሲሉ በስንት ብር እንደሆነ ስለማይናገሩ ነው።

መጀመሪያ ኬዙን ክፈቱት

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የጌም ፒሲ ከባዶ አይገጣጠምም። የሚጀመረው ከውጭ ከመጣ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር። ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም፣ ጠንካራ ዕቃ። «ካርድ ብቻ ጨምሩበት ጌም ይጫወታል» ይባላል። እውነት ነው፣ ግን የትኛው ካርድ?

ኬዙን ከፍታችሁ የፓወር ሰፕላዩን ተለጣፊ ጽሑፍ አንብቡ። አብዛኞቹ የቢሮ ማሽኖች ከ180 እስከ 300 ዋት ባለው መካከል ናቸው። ከዚያ ደግሞ ገመዶቹን ቁጠሩ። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ ብዙ ጊዜ የለም። «ፓወር ሰፕላዩን ልቀይረው» ትሉ ይሆናል። በብዙዎቹ ላይ የማዘርቦርዱ ሶኬት የድርጅቱ የራሱ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ባለ 24 ፒን አይገባበትም። አዳፕተር አለ፣ ግን ኬዙ ትንሹ ሞዴል ከሆነ አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ራሱ አይገባም።

እዚህ ላይ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው አንድ መፍትሔ ያመጣል። ከሃርድ ዲስክ የኃይል ገመድ ወደ ባለ 6 ፒን የሚቀይር ትንሽ ገመድ። አትቀበሉት። የሃርድ ዲስኩ ሶኬት በ12 ቮልት በኩል የተሠራው ለ54 ዋት ነው። ባለ 6 ፒን ሶኬት ደግሞ 75 ዋት እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። ካርዱ ጌም ላይ ሲጨነቅ ፕላስቲኩ ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ አንዳንዴም ይቃጠላል።

የማዘርቦርዱ ሶኬት ብቻውን እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ስለዚህ ለቢሮ ማሽን የሚሆነው ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ነው። ቅድም «ደካማው የተሻለ ግዢ ነው» ያልኩት ለዚህ ነው። ባለ 6 ጊጋባይቱ 3050 በ70 ዋት ይሠራል። ባለ 8ቱን ገዝቶ የሚሰካበት ገመድ ያጣ ሰው ካርዱን ተመልሶ ቴሌግራም ላይ ነው የሚያወጣው። ብሩ ካልደረሰ ጂቲኤክስ 1650 አለ፤ በ2019 የወጣ፣ ባለ 4 ጊጋባይት። ከ1650ዎቹ ውስጥም ገመድ የሚፈልጉ ስላሉ ፎቶው ላይ የካርዱን ጎንና ጀርባ አሳዩኝ በሉ።

ቁመቱም አለ። ትንሹ የኦፕቲፕሌክስ ኬዝ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን አጭሩን ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው። ከአጭሩ ካርድ ጋር አጭሩ ብረትም አብሮ መምጣት አለበት። ብረቱ ከጠፋ ካርዱ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ማስመሪያ ይዛችሁ ለኩ፤ ቁመቱንም፣ ውፍረቱንም።

በዚህ ክፍል ውስጥ ሰው በብዛት የሚሳሳትበት ካርድ አርኤክስ 6400 ነው። 53 ዋት ብቻ ይበላል፣ አጭር ነው፣ ገመድ አይፈልግም። ለቢሮ ማሽን የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በ4 መስመር ብቻ ነው። ጄን 4 ማዘርቦርድ ላይ ችግሩ ቀላል ነው። ፕሮሰሰሩ የ4ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ5 የሆነ ማሽን መንገዱ ግን ጄን 3 ነው፣ በግማሽ ይጠብባል። ሜሞሪው 4 ጊጋባይት ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፣ ሲሞላ ደግሞ በዚያች ጠባብ መንገድ ነው የሚመላለሰው። ታላቅ ወንድሙ አርኤክስ 6500 ኤክስቲም ያው በሽታ አለበት። በዚያ ላይ ሁለቱም ቪዲዮ የሚቀርጽ ኢንኮደር የላቸውም፤ ጌማቸውን ቲክቶክ ላይ ላይቭ ማሳየት ለሚፈልጉ ልጆች ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው።

ፕሮሰሰሩንም እዩት። አራት ኮር ያለው የ4ኛ ጄኔሬሽን ማሽን ላይ አርቲኤክስ 5060 መሰካት ብር መጣል ነው። የ3ኛ ጄኔሬሽኑ ደግሞ አንዳንድ አዳዲስ ጌሞች የሚጠይቁትን ኤቪኤክስ2 የሚባለውን ትእዛዝ ስለማያውቅ ጌሙ ጭራሽ ላይከፈት ይችላል። ያን ጊዜ ካርዱ ጥፋት የለበትም።

ታዲያ የቱን?

ከባዶ የሚገጣጥም፣ ዘመናዊ ማዘርቦርድና ደህና ፓወር ሰፕላይ ያለው ሰው ከሆናችሁ፣ አዲስ ከሚሸጡት ውስጥ እኔ የምመርጠው ባለ 16 ጊጋባይቱን አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ነው። 16 መስመሩን በሙሉ ይጠቀማል፣ ስለዚህ ማዘርቦርዱ ጄን 3 ቢሆንም ብዙ አይጎዳም። 160 ዋት ገደማ ይበላል። የኤኤምዲ አዲሱ የምስል ማሻሻያ ኤፍኤስአር 4 ይሠራበታል። ድሮ ሰው ኤንቪዲያን የሚመርጥበት ዋነኛ ምክንያት በዚህ ጠቧል።

አርቲኤክስ 5060 መጥፎ ካርድ አይደለም። ፈጣን ነው፣ 145 ዋት ብቻ ይበላል፣ የኤንቪዲያ የምስል ማሻሻያ ዲኤልኤስኤስ ዛሬም ከሁሉ ይሻላል። ግን 8 ጊጋባይት ነው። ያ ዲኤልኤስኤስ የሚያመጣው የፍሬም ማባዣ ራሱ ቪራም ይበላል። ጌም ብቻ ሳይሆን የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ፣ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ከሆናችሁ ግን ኤንቪዲያን መተው ይከብዳል፤ ብዙ ፕሮግራም ካርዱን ለሥራ የሚጠቀመው ኩዳ በሚባለው የኤንቪዲያ ሶፍትዌር ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት ከአዲስ 5060 ሊሻል ይችላል። ባለ 12 መሆኑን አረጋግጡ፤ ባለ 8 የሚባለው እንዳለ ቅድም ተናግሬያለሁ። አርቲኤክስ 5050 በ249 ዶላር የወጣ ነው። 50 ዶላር ሲጨመር የ5060 የመውጫ ዋጋ ስለሚሞላ ለማን እንደተሠራ አልገባኝም።

ኢንቴል በዲሴምበር 2024 አርክ ቢ580ን በ249 ዶላር ሲያወጣ 12 ጊጋባይት ሰጥቶ ሁሉንም አስደነገጠ። ወረቀት ላይ የርካሾች ንጉሥ ነው። ወዲያው በጃንዋሪ ግን ገምጋሚዎች አንድ ነገር አገኙ። ከደካማ ፕሮሰሰር ጋር ሲሰካ ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል። ሪሳይዘብል ባር የሚባለው የማዘርቦርድ ባህርይ ከሌለም አይሆንም። ያገለገለ የቢሮ ማሽን ላለው ሰው ቢ580 አይነካም። አዲስ ፕሮሰሰር ላለው ሰው ግን ካገኘው አይለፈው።

ከሁሉም በላይ ለብዙ ሰው የሚስማማው ካርድ አሁንም የ2021ዱ አርኤክስ 6600 ይመስለኛል፤ ያገለገለ ማለቴ ነው። 8 ጊጋባይት፣ 132 ዋት፣ አንድ ባለ 8 ፒን ገመድ። 1080ፒ ላይ አብዛኛውን ጌም በደንብ ይጫወታል። በ2025 መጨረሻ ኤኤምዲ የ6000 ተከታታዮቹን ድራይቨር ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሲያዞር «ተተወ» ተብሎ ተወራ፤ ድርጅቱ ለአዳዲስ ጌሞች ድጋፉ እንደሚቀጥል ወዲያው አሳወቀ።

ከዚያ ወደ ታች ስትወርዱ ጥንቃቄ ይብዛ። ኤንቪዲያ ለጂቲኤክስ 900 እና ለጂቲኤክስ 10 ተከታታዮች የጌም ድራይቨር በኦክቶበር 2025 አቁሟል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው እስከ ኦክቶበር 2028 የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። ጂቲኤክስ 1060 ነገ ጠዋት አይሞትም፤ ዛሬ የሚጫወተውን ነገም ይጫወታል። አዲስ ለሚወጣ ጌም ግን የሚያስተካክልለት የለም። ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ድራይቨሩ አልተቋረጠም፣ ግን ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንና የጥላ ስሌት) የሚሠራ ሃርድዌር የለውም። በዲሴምበር 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌምና በሜይ 2025 የመጣው ዱም ያለዚያ ሃርድዌር አይከፈቱም። ይሄ ነገር እየበዛ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ዋጋቸው ከተቀራረበ ስሙ በ«አርቲኤክስ» የሚጀምረውን ውሰዱ።

ከመክፈላችሁ በፊት

አንድ ነገር ከሩቅ ይታያል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም 1060 ተብሎ የሚሸጥ ካርድ ጀርባው ላይ ሰማያዊው የቪጂኤ ሶኬት ካለ ጠርጥሩ። የጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ቺፕ የአናሎግ ምስል ማውጫ የለውም። ያ ካርድ ብዙ ጊዜ አሮጌ የፌርሚ ዘመን ቺፕ ነው፤ ባዮሱ (ካርዱ ላይ የተጻፈው መነሻ ፕሮግራም) ተቀይሮ ዊንዶውስ «1050 ቲአይ» ብሎ እንዲያነበው ተደርጓል። ዊንዶውስ የነገሩትን ያምናል። ጂፒዩ ዜድ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ግን ቺፑን ራሱን አይቶ በስሙ ላይ ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፋል። ትንሽ ፋይል ነው፣ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የሜሞሪ መጠኑን፣ የኮሩን ቁጥርና የቢቱን ስፋትም እዚያው ታነባላችሁ። ከላይ የዘረዘርኳቸው መንትያ ካርዶች በሙሉ በዚያች መስኮት ይለያሉ።

የማይኒንግ (ዲጂታል ገንዘብ ማምረቻ) ካርድ ወሬም ይበዛል። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በሴፕቴምበር 2022 አሠራሩን ሲቀይር በግራፊክስ ካርድ ማይን ማድረግ በአንድ ቀን ከንቱ ሆነ፤ በዓለም ያለው ካርድ ወደ ገበያ ጎረፈ። (እኛ አገር ግድቡን ተከትለው የመጡት የቢትኮይን ማይነሮች የሚጠቀሙት ሌላ ማሽን ስለሆነ የነሱ ዕቃ ለጌም አይሆንም።) ማይን ያደረገ ካርድ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። ፋኑና ቴርማል ፔስቱ (ከቺፑ ሙቀት የሚያወጣው ቅባት) ግን ደክሟል። ባዮሱም ተነክቶ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ አርኤክስ 580 ላይ። ፒ106-100 የሚባለውን ደግሞ በርካሽ ሲያቀርቡላችሁ ጀርባውን እዩ። ለማይኒንግ ብቻ ስለተሠራ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የለውም።

ሻጩ ፊት ለፊት ተሰክቶ ይሞከር። ካርዱን የሚያስጨንቀውን ፈርማርክ የተባለ ፕሮግራም ለ15 ደቂቃ አስኪዱ። ሙቀቱ 80 ቢደርስ አትደንግጡ፤ እየጨመረ መቆሚያ ካጣ ግን ተዉት። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ወይም ሰረዝ ከታየ ሜሞሪው ሄዷል። ፋኑ ሲንጫጫ ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ። ብሎኖቹ የተፋቁ ከሆኑ ካርዱ ተከፍቶ ያውቃል። «መብራት የለም፣ ወስደህ ሞክረው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ መብራት ሲመጣ ተመለሱ።

መብራት ካነሳን፣ ከካርዱ በፊት ስታቢላይዘር ግዙ። ሌላ የምለው የለኝም።

ሻንጣ ውስጥ የሚመጣው

አርቲኤክስ 4060 በጁን 2023 ሲወጣ 299 ዶላር ነበር። አርቲኤክስ 5060 በሜይ 2025 ሲወጣም 299 ዶላር። አሜሪካዊው «ዋጋው አልጨመረም» ብሎ ያመሰግናል። በኛ ሂሳብ ግን በ2023 ኦፊሴላዊው ምንዛሪ 55 ብር ገደማ ስለነበር ካርዱ 16,500 ብር አይሞላም ነበር (በጥቁር ገበያው ያኔም ከዚያ በላይ ነበር፣ ልብ በሉ)። ብሔራዊ ባንክ በጁላይ 2024 ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው ያው ካርድ 45,000 ብር ይጠጋል። ቀረጡ፣ 15 በመቶው ቫትና የነጋዴው ትርፍ ገና አልገባበትም።

በዚህ ላይ የሜሞሪ እጥረቱ መጣ። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የኤአይ ዳታ ሴንተሮች የዓለምን የሜሞሪ ቺፕ እየጠራረጉ ስለሚወስዱ የራም ዋጋ ሰማይ ወጥቷል። ማይክሮን በዲሴምበር 2025 ለተራ ሸማች የሚሸጥበትን ክሩሻል የተባለውን ብራንዱን እንደሚዘጋ እስከማሳወቅ ደረሰ። ለግራፊክስ ካርድ ይሄ ክፉ ዜና ነው፤ ብዙ ሜሞሪ የተሸከመው ካርድ መጀመሪያ ይወደዳል። ያ የ50 ዶላር ልዩነት ባለበት ይቆያል ብዬ አላስብም። ከባዶ የሚገጣጥም ሰው ራሙም ስለተወደደበት በጀቱን እንደገና ማስላት አለበት። ራም ያለው አሮጌ ማሽን ላይ ካርድ መጨመር እንደገና ብልህነት የሆነበት ጊዜ ላይ ነን።

ስለዚህ ብዙ ሰው ዘመድ ይለምናል። አሜሪካ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ዘመዶች ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ ማይክሮ ሴንተር የሚባለው የኮምፒውተር ሱቅ ሮክቪል ሜሪላንድና ፌርፋክስ ቨርጂኒያ ላይ አለ። ተከፍቶ የተመለሰ ካርድ በቅናሽ ይሸጣል፣ ያንን ጠይቁላቸው። ዱባይ ያለ ሰው ደግሞ ቡር ዱባይ በሚባለው ሰፈር ማንኩል መንገድ ላይ አል አይን ሴንተር ያለውን ኮምፒውተር ፕላዛ ይሂድ።

የምትልኩት መልእክት ግን ሙሉ ይሁን። ኮምፒውተር የማያውቅ አጎት «9060» ብቻ ከተባለ ሻጩ የሰጠውን ይዞ ይመጣል። ስሙን እስከ ጭራው፣ ጊጋባይቱን፣ የፋኑን ብዛት፣ ኬዛችሁ የሚችለውን ርዝመት በሴንቲሜትር ጻፉ። የካርቶኑን ፎቶ ከመክፈሉ በፊት እንዲልክላችሁ ለምኑት።

ዋስትናው እዚያው ነው የሚቀረው። አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ቢበላሽ መልሶ መላክ የካርዱን ዋጋ ሊበላ ይችላል፤ ሱቁ ዕቃ የሚመልስበት ጊዜም በቀናት የተቆጠረ ነው። ዘመዳችሁ ከመሳፈሩ ሳምንት በፊት ገዝቶ፣ ኮምፒውተር ያለው የጎረቤት ልጅ ፈልጎ፣ ሰክቶ አንድ ምሽት ያጫውተው።